አስፋልት ሳንረግጥ ከሸሕዲ እስከ መተማ

ከሸሕዲ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚሄድ ሚኒባስ ጠፍቶ አያውቅም። እኔና ልጄ ትርንጎ ግን ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ማለዳ በእግራችን ተነሣን። ጎረቤቶቼ ያወሩት ሌላ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ራሴ ልጻፈው።

ትርንጎ ጎንደር ቱሪዝም ተምራ የተመለሰች የመጨረሻ ልጄ ናት። ሥራ አላገኘችም። ክረምት ላይ በስልኳ ፈረንሳይ አገር የተቀረጸ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሰዎች ትንሽ ቦርሳ አዝለው፣ ዱላ ይዘው፣ ከአንዱ የድሮ መንደር ወደ ሌላው በእርሻ መሃል ይሄዳሉ። በደረሱበት ይበላሉ፣ ያድራሉ፣ ይከፍላሉ። «እኛም እኮ እንዲህ ያለ አለን፣ አባባ» አለችኝ። አስፋልት ሳይኖር ነጋዴ ወደ ሱዳን ይወርድበት የነበረውን የእግር መንገድ ማለቷ ነው። እኔ ግን በቪዲዮው ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። የፈረንሳዩ ገበሬ በትራክተር እስከ መንገዱ ጠርዝ አርሶ፣ እዚያ ላይ ቆሟል። ስላየሁት ነገር ያን ዕለት አልተናገርኩም።

ሐሳቧን ጽፋ ቱሪዝም ቢሮ ስትወስድ፣ ባለሙያው መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፋልት ሳይረገጥ የሚሄድ ከሆነ አያለሁ፣ መሃሉ የተቆረጠ ከሆነ ግን በከንቱ አትልፊ አላት። ስለዚህ ሄደን ማየት ነበረብን። ትልቁ ልጄ የመኪና መሳፈሪያ አጡ ይሉናል ብሎ ተቆጣ። ይበሉ አልኩት። ዛሬ ሰው ከቤቱ ገበያ ለመድረስ ባጃጅ የሚጠብቅበት ዘመን ነው፤ በገዛ እግሩ የሚሄድ ሰው እንዳበደ ይቆጠራል። እኔ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ፊደል የለየሁት በሠላሳ ዓመቴ፣ ራሴን በራሴ አስተምሬ ነው። ያን ጊዜም ስቀውብኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

በሶ፣ ቴምርና ስድስት ሊትር ውኃ ይዘናል። ከከተማው መውጫ ፉል በላን፤ ሳህኑ መቶ ሃያ፣ ሻዩ ሃያ ብር። ቀጣሪ የሚጠብቁት የቀን ሠራተኞች ዱላዬን አይተው «አባት፣ በስንት ተቀጠሩ?» አሉኝ። በነጻ ነው ብላቸው ሳቁ። አንዱ «እንግዲያው ገበያችንን አበላሹብን» አለ።

ከከተማው ወዲያ ያለውን ወንዝ ከተሻገርን በኋላ መንገዱ ሁለት ጫማ የሚያህል ነጭ መስመር ሆኖ ማሽላው ውስጥ ይገባል። ማሽላው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ግራና ቀኙ ጥቁር መሬት እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል፤ የተረገጠው መስመር ግን አልተሰነጠቀም። ሦስት ሰዓት ላይ ዛሬ አራት ጎጆ ብቻ የቀረው አሮጌ መንደር ደረስን። የውኃ ጉድጓዱ አፍ ድንጋይ ነው። የነጋዴዎቹ ገመድ ድንጋዩን ጣት በሚያስገባ መጠን ቦርቡሮታል። ትርንጎ ጣቷን እያስገባች ፎቶ አነሣች። ደስ ብሏት ነበር። እኔ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ስለማውቅ ፊት ፊት ሄድኩ።

4 ሰዓት፣ የሰሊጡ እርሻ

መንገዱ በቢላ እንደተቆረጠ አለቀ። ከፊታችን ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ለመድረቅ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰሊጥ ነው፤ አገሬው ሂላ ይለዋል። በዚህ ወቅት ፍሬ መያዣው አፉን ከፍቷልና እስሩን በክንድ ከነኩት ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል። ማዶ አንድ ሁመር ዛፍ ይታያል። ትርንጎ መንገዱ ከዛፉ ሥር እንደሚቀጥል በስልኳ ካርታ አይታለች።

የእርሻው ካቦ፣ ደሴ የሚባል ጎጃሜ፣ ሠራተኞቹን ትቶ መጣ።

«አባቴ፣ እዚህ መንገድ የለም። በአስፋልት ይዙሩ።»

«አለ» አለች ትርንጎ። «ከታረሰው መሬት ሥር ነው።»

«ከሥር ከሆነማ ለፍልፈል ነው፣ እኅቴ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ትርንጎ ፊቷ ጠቆረ። ሰው ለስንት ዘመን የሄደበትን መንገድ ያረሰ ሰው ኅሊና የለውም አለች፤ ገንዘብ እንጂ አገር አያውቅም አለች። ብዙ ተናገረች። እኔ ዱላዬን ተደግፌ መሬት መሬት አያለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ልጆቼን ግን እውነት ተናገሩ እያልኩ ገርፌ ያሳደግኩ አባት ነኝ።

«ያረስኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሃያ ስምንት ዓመት ትራክተር ነድቻለሁ። በእኛ ጊዜ ማንም ያልጻፈው ደንብ ነበር፦ ሹፌር የእግር መንገድ ሲያቋርጥ የማረሻውን ዲስክ ያነሣል፣ ሁለት እርምጃ ያህል ያልፋል፣ ከዚያ መልሶ ያወርዳል። እግር የደበደበው መሬት ጠንካራ ስለሆነ፣ ያላነሣ ሹፌር ዲስኩ ይነጥርበታል፤ ወንበሩ ላይ ያለ ሰው እስከ ወገቡ ይሰማዋል። አንድ ክረምት፣ ዝናብ ሲያጣድፍ፣ አላነሣሁም። አሠሪዬ አላዘዘኝም። ከሹፌሮቹ ሁሉ ቀድሞ ጨረሰ እንድባል ነው። በመጀመሪያው ዙር ዲስኩ ነጠረ። በሁለተኛው ትንሽ ነጠረ። በአራተኛው ምንም አልተሰማኝም። ይኸው ነው።

ትርንጎ ዞራ አየችኝ።

ካቦው ፈገግ አለ። «ታዲያ ያጠፋው ሰው ስለሆኑ ይከፈትልዎት?»

«አዎ። የት እንደነበረ የማውቀው እኔ ነኝ። በአስፋልት አልዞርም።»

«ሰሊጡስ?»

«ከኋላዬ ና። አንድ እስር ከነካሁ ተመልሼ በአስፋልት እሄዳለሁ። የልጄም ሐሳብ እዚህ ያበቃል።»

ይህን ስል ትርንጎን አልጠየቅኳትም። ጥፋት ነው፤ ግን ብያለሁ። ጋቢዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። እርሷ ሻሿን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ጉድጓዱን ከኋላ፣ ሁመሩን ከፊት አድርጌ፣ በእስሮቹ መካከል በጎኔ እየተሽሎከለክሁ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ያያሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እርሻው መሃል ላይ እግሬ የመሬት ስንጥቅ ውስጥ ገባና አንዱን እስር ነካሁት። ሲንሿሿ ሰማሁ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ከሁመሩ ሥር ነጩ መስመር እንደገና ጀመረ። ትርንጎ ረግጣው ቆመች። እኔ ወደ ካቦው ዞርኩ።

«መሃል ላይ አንዱን ነክቻለሁ» አልኩት።

«አይቻለሁ።» ላቡን ጠረገ። «ወፍ ከዚያ በላይ ትበላለች። ይሂዱ፣ አባቴ። ግን ሰኔ ላይ ትራክተር ሲገባ ምን ሊያደርጉ ነው?»

ዱላዬን አንሥቼ መንገዱን ያዝኩ።

ኮኪት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ኮኪት የገባነው በጭነት መኪና አቧራ መሃል ነው። የሱቅ ነጋዴው ሐጂ ኑርዬ፣ የድሮ ወዳጄ፣ ግቢያቸው ውስጥ ራኩባ የሚሉት የሣር ዳስ አላቸው፤ እዚያ የገመድ አልጋ ዘርግተው የከርከዴ አበባ ሻይ አጠጡን። አባታቸው በዚያ መንገድ በግመል ጨው ያመላልሱ እንደነበር ነገሩን። «ሹፌሮች ናቸው ያጠፉት» አሉ፣ እኔን እያዩ። አዎ፣ አንዱ እኔ ነኝ አልኳቸው። ደጋግሜ ስናገረው አልቀለለኝም።

ትርንጎ ከእርሻው ወዲህ አላናገረችኝም ነበር። እግሯን እየታጠበች ቀና አለች።

«አባባ፣ ማን እንዳረሰው ለቢሮው በምሰጠው ወረቀት ላይ ልጻፈው? እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ጻፊው። ስሜንም ጻፊ።»

ረቡዕ፣ መተማ ዮሐንስ

ከኮኪት ወዲያ መንገዱ አልተቆረጠም። የቁርቁራ ፍሬ እየለቀምን፣ አስፋልቱን ከሩቅ እየሰማን ሄድን። በዘጠኝ ሰዓት ከተማው መግቢያ ስንደርስ፣ ጦርነቱን ሸሽታ ከካርቱም የመጣች ሻይ ሻጭ አቧራችንንና ቦርሳችንን አይታ ወንበር አቀረበችልን። ከየት ሸሽታችሁ ነው አለችን። አልሸሸንም፣ መንገድ ልናይ ነው የመጣነው ብላት ግራ ገባት። የሻዩን ሒሳብ ግን አልቀበልም አለች።

ለመመለስ ሚኒባስ ያዝን፤ በነፍስ ወከፍ መቶ ሃምሳ ብር። ሁለት ቀን የሄድነውን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰው። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። ከሕፃንነቷ ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ሸሕዲ፣ ቤት

ወረቀቱ ገብቷል፤ ስሜም አለበት። መልስ አልመጣም። እኔ ግን የካቦውን ጥያቄ ይዤ ትራክተር የሚጠገንበት ጋራዥ ሄድኩና ሹፌሮቹን መንገድ ላይ ዲስክ አንሡ አልኳቸው። የቱ መንገድ አሉኝ። ሳቁ። አሁን «አባ ዲስክ» ይሉኛል፤ ይበሉ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ጥፋትን መናገር ጥፋቱን እንደማይመልሰው ነው። ሰሊጡ ተራግፎ ተነሥቷል፤ ካቦውም እንድናልፍ ፈቅዷል። ስለዚህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጉድጓዱ እስከ ሁመሩ ሄደን እንመለሳለን፣ እኔና ትርንጎ፣ አንዳንዴም ከሠራተኞቹ የወደደ። እስከ ሰኔ ድረስ መሬቱን በእግራችን እንደበድበዋለን። ትራክተሩ ሲመጣ ዲስኩ ይነጥራል፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው እስከ ወገቡ ይሰማዋል። ማንሣት አለማንሣት የእርሱ ፈንታ ነው። አልሰማሁም ግን አይልም።