ኮዳው ለምን ባዶ ነበር

የያዙኝ ፎቶ ቤት በር ላይ ነው። ቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለ ጠባብ ፎቶ ቤት። ሐምሌ ነበር። ጫማዬ ጭቃ ስለነበር ባለቤቱ እንዳልገባ ነግሮኝ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

ወንድሜ ከሞተ ሠላሳ አንድ ቀኑ ነው። አርባው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እኛ ጋ ሰው ርቆ ሞቶ አስከሬኑ ካልመጣ ፎቶው በትልቁ ይታጠብና በፍሬም ሆኖ ድንኳኑ መሐል ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሰው የሚያለቅሰው ወደ ወንበሩ ዞሮ ነው። የወንድሜ ፎቶ ያለን አምስት ብቻ ነበር። ሁሉም ወታደር በሆነ በመጀመሪያው ዓመት በረሃ ለሥልጠና ሄዶ የተነሳቸው ናቸው። በአንድ ፈቃዱ ይዟቸው መጥቶ ለእናቴ ሰጣት። ከመቆየት ብዛት ጠርዛቸው ተበልቷል።

ፎቶዎቹ ላይ አሸዋ አለ። ካናቴራ የለበሱ፣ ሻሽ የጠመጠሙ፣ ክላሽ የያዙ ወጣቶች አሉ። መለዮ የለም። ባንዲራ የለም። ስንት ጊዜ አይቻቸው ይሄን ልብ አላልኩም። ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ሰው ግን ልብ አለ። ያን ሰሞን ከተማው ጥሩ አልነበረም። ሱቅ ተዘግቶ የሚውልበት ቀን ብዙ ነበር፤ ሦስት ወጣት አብሮ ከቆመ ይጠየቃል። ሰውየው ወጣ። ሲመለስ ከሁለት ፖሊስና ሲቪል ከለበሰ አንድ ሰው ጋር ነው።

«ይሄ አንተ ነህ?» አለኝ ሲቪል የለበሰው፣ አንዱን ፎቶ ፊቴ ላይ አስጠግቶ።

«ወንድሜ ነው።»

«አንተን ነው የሚመስለው።»

«ወንድሜ ስለሆነ ነዋ።»

አንዱ ፖሊስ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «የት ነው የምትሰለጥኑት?» አለኝ።

አራቱን ፎቶ ከጠረጴዛው ላይ ወሰዱ። አምስተኛው እጄ ላይ ነበር። እዚያኛው ላይ ወንድሜ እስከ አፍንጫው ድረስ በሻሽ ስለተሸፈነ ለማሳጠብ አልሰጠሁትም። መኪናው ውስጥ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር ይላሉ። የራሰ ጆንያ ይሸታል። አሥራ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ በኔ አሥራ አራት ሆንን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለመነጋገር መጮኽ ያስፈልጋል። የሚጠጣ ውሃ ግን ጠዋት አንዴ ብቻ ነው የሚገባው፤ አምስት ሊትር፣ በዘይት ጄሪካን።

ጄሪካኑን የያዙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የድሮው ሠራዊት ወታደር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ሲጠግኑ ኖረው የቀበሌ ስብሰባ ላይ በተናገሩት ነገር ነው የገቡት። ገና ሳልቀመጥ የጄሪካኑን ክዳን ሞልተው ሰጡኝ።

«አትዋጠው። አፍህ ውስጥ ያዘውና ሃያ ቁጠር።»

«ሌሎቹስ?» አልኳቸው።

«አዲስ የመጣ ቀድሞ ይጠጣል። ፍርሃት አፍ ያደርቃል። የሚቀዳው ደግሞ መጨረሻ ይጠጣል። በረሃ ላይ እንዲህ ነበር።»

ጥግ ላይ የተኛ የባጃጅ ሹፌር ቀና አለ። «አቦ ጋሼ! ውጪ ጎርፍ ነው፣ እርስዎ እዚህ ኦጋዴን ይከፍቱብናል!»

«ታዲያ ምላስህን በመስኮት አውጣና ጎርፉን ጠጣ» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ውሃው አፌ ውስጥ ነበር፤ ያኔ ዋጥኩት።

በማግስቱ ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ስለወሰዱባቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ ነው ያዩት።

«ይሄ ከጉዞ መልስ የተነሳ ነው» አሉ። «ከስክስ ጫማቸውን እይ። አሸዋው እስከ ክሩ ደርሷል። እኛም እንዲህ ነበርን። ቀን እንሄዳለን። ፉጨት ሲሰማ አንድ ክዳን፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ፉጨት ምንም። ከፉጨቱ በፊት የጠጣ ይታወቅበታል። ማንም አይናገረውም፤ ማታ ግን አጠገቡ የሚቀመጥ የለም።»

ከዚያ ጣታቸውን ወደ ወንድሜ ወገብ አስጠጉ። ፎቶውን አልነኩትም።

«የዚህ ልጅ ኮዳ ባዶ ነው።»

«በምን አወቁ?»

«ሙሉ ኮዳ ቀበቶ ይጎትታል። የጓደኞቹን ተመልከት፣ ተንጠልጥሏል። የሱ ወደ ጀርባው ሸሽቷል።»

«ለምን ባዶ ሆነ?»

«ወይ ቀድሞ ጠጥቶታል፣ ወይ ለሌላ ሰጥቶታል።»

«የትኛው ነው?»

«ይሄ ከፎቶ አይታወቅም፣ ልጄ።»

ሰጥቶ ነው ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። አላሉም።

የሳቸውም ፎቶዎች ነበሯቸው፣ ከኦጋዴን። መንግሥት ሲቀየር ቤት ይፈተሻል ተብሎ ሚስታቸው በኮባ ጠቅልላ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ ውስጥ ደበቀቻቸው። «ብልጥ ናት፤ ቆጮ ጉድጓድ ማን ይፈትሻል? ማንም አልፈተሸም» አሉ። «በዓመቱ ስናወጣቸው የቆጮው ውሃ ፊታችንን ሁሉ በልቶታል። አሸዋው ብቻ ቀርቷል። አሁን ማን ማን እንደሆነ በቦታ ነው የማስታውሰው።» ከዚያ የዳቦ ፌስታል ፈልገው ፎቶውን ጠቀለሉልኝ። «ካልሲ ውስጥ አታድርገው። ላብም ያው ነው።»

በአምስተኛው ቀን ጠሩኝ። ሲቪል የለበሰው ሰው ጠረጴዛው ላይ አራቱን ፎቶ ደርድሯል።

«ወታደር ከነበረ የመሞቱ ደብዳቤ የታለ?»

«አልደረሰንም።»

«መሞቱን በምን አወቃችሁ?»

«ተደወለልን።»

«ማን ደወለ?»

ፎቶዎቹን ላለማየት የጠረጴዛውን ጠርዝ አየሁ። የደወለው የወንድሜ ጓደኛ ነው። ከቡታጅራ ቅርብ ያለችው የእንሴኖ ከተማ ልጅ ነው፤ በሁለቱ ፎቶዎች ላይ ከወንድሜ በስተቀኝ ቆሟል። ከግንባር ተመልሶ አክስቱ ቤት ነበር። በፈቃድ ይምጣ ጠፍቶ ይምጣ አልጠየቅነውም። ስልኩ ላይ ለእናቴ «እኔ ነኝ የቀበርኩት፣ በእጄ ነው» አላት። ከዚያ ስልኩን ዘጋ።

ሰውየው ድምፁን አላነሳም። «እናትህ በየቀኑ ምግብ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ዝናብ ነው። አርባው እሁድ ነው አይደል?» ፎቶዎቹን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ እስክሪብቶ ገፋልኝ። «ከየፎቶው ሥር ስማቸውን ጻፍ። ፎቶህን ይዘህ ዛሬውኑ ትሄዳለህ።»

እስክሪብቶውን አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር የእንሴኖውን ልጅ የመጀመሪያ ፊደል በልቤ ጽፌዋለሁ። ድንኳኑ ታየኝ፣ ባዶው ወንበር ታየኝ። እኔ ባልነግራቸው ሌላ ሰው ይነግራቸዋል ብዬም አሰብኩ።

የወንድሜን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጻፍኩ። በትምህርት ቤት እንደሚጻፈው፣ አስተካክዬ። ሌሎቹ ሥር ምንም አልጻፍኩም።

«ሌሎቹስ? አታውቃቸውም?»

አላውቅም ብል ይቀለኝ ነበር። «ሌላ የምጽፈው የለኝም» አልኩ።

ከዚያ የሆነውን አልጽፍም። ግራ ጆሮዬ እስከ መስከረም ይጮህ ነበር።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ማንም አልጠየቀኝም። የባጃጁ ሹፌር ቦታውን ለቀቀልኝ። ሽማግሌው ክዳኑን የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ጄሪካኑን ሰጡኝ። «ዛሬ አንተ ቅዳ» አሉኝ። አንዴ ሁለቴ ፈሰሰብኝ። ማንም አልተቆጣም። ዙሩ እኔ ጋ ሲደርስ ግማሽ ክዳን ቀርቶ ነበር። አፌ ውስጥ ይዤ ሃያ ቆጠርኩ።

አርባው እኔ ሳልኖር አለፈ። ማክሰኞ ለቀቁኝ። ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። ስወጣ ሽማግሌው እዚያው ነበሩ። እናቴ ወንበሩ ላይ የወንድሜን ሬንጀር ጃኬት አድርጋ ነበር፤ ሰው ወደ ጃኬቱ ዞሮ አለቀሰ። ፌስታሉን ፈትቼ ፎቶውን ሰጠኋት። ብዙ አየችው።

«ፊቱ ተሸፍኗል። እሱ መሆኑን በምን ልወቅ?»

«በአቋቋሙ» አልኳት።

ደግማ አየች። «እውነትህን ነው» አለች። «ቀኝ እግሩን እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

አራቱ ፎቶዎች አልተመለሱም። ጣቢያው ሄጄ ስጠይቅ ፋይሉ ወልቂጤ ሄዷል አሉኝ። ወልቂጤ ድረስ ሄድኩ፤ እዚያ ደግሞ ቡታጅራ ነው ያለው አሉኝ። ሽማግሌውን በመልሱ ገበያ ውስጥ ፈለግኳቸው። ብስክሌት ሲጠግኑበት የነበረው ቦታ አሁን ሌላ ሰው ጫማ ይሰፋበታል። ከተፈቱ በኋላ ልጃቸው ጋ ሄዱ አለኝ፤ የት እንደሆነ ግን አያውቅም።

የእንሴኖው ልጅ አሁን በገበያ ቀን ወደ ቡታጅራ ሲመጣ እኛ ጋ ይገባል። «አሰላሙ አለይኩም፣ እማ» ብሎ የእናቴን ጉልበት ነክቶ ይቀመጣል። የሚቀመጠው ሁልጊዜ ፎቶው ከተሰቀለበት ግድግዳ ፊት ለፊት ነው። ውሃ ስሰጠው ወዲያው አይውጠውም፤ አፉ ውስጥ ይይዘዋል። እኔ ሳላስበው እቆጥራለሁ። ስለ ታሰርኩበት ነገር ማንም የነገረው አይመስለኝም። እኔም አልነገርኩትም።

ባለፈው ወር መጥቶ ፎቶውን ሲያይ ቆየና «ያን ቀን ኮዳው...» ብሎ አቆመ። እናቴ ጓሮ ነበረች። ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ኮዳው ለምን ባዶ እንደነበር የሚያውቅ ሰው በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። አንድ ቃል ብናገር ይነግረኝ ነበር።

እኔ ግን ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ መጠየቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

«ውሃ ልጨምርልህ?» አልኩት።

ብርጭቆውን ዘረጋልኝ። ቀዳሁለት። መናገር ሲፈልግ ይናገራል። በሩ ክፍት ነው።