የተከለለው ተራራ ሣር

አማኑኤል አጠገብ ያለው ተራራችን እንዲያገግም ከተከለለ ወዲህ ሣሩን ማጨድ ክልክል ነው። ሰሞኑን ግን ታጭዶ ተገኘና፣ አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ንቅንቅ እንዳይል ተብሎ አገሩ ሁሉ አውጫጭ ተቀመጠ። ነፍሰ ጡሯ ጎረቤቴ በእኔ ጥፋት ፀሐይ ላይ ስትቃጠል ሳይ አላስቻለኝም። ማርያምን በልቤ ጠርቼ ተነሣሁ።

«ያጨድሁት እኔ ነኝ። የላሜ ወተት ሊነጥፍብኝ ሆነ፤ ልጆቼ የሚያድሩት በእሱ ነው። ችግኝ ግን አልነካሁም።»

የግብርና ባለሙያዋ «እናቴ፣ ጥበቃውን እንዴት አለፉት?» አለችኝ።

ሰው ማሳጣት አልወድምና አንገቴን ደፋሁ። ይኼኔ ጥበቃው አያ ዓለሙ ራሱ ብድግ አለ።

«ሸክሟን ያሰርሁላት እኔ ነኝ፤ የእኔም በሬዎች ከዚያው ሣር ይበላሉ። በተራ ማጨድ ካልተፈቀደልን፣ እኔን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ቅጠሩ!»