ለመጋረጃ ነው

እኒያ ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ታቦር ሰልባጅ ተራ አይጠፉም። ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው ከክምሩ የሚመርጡት ዳንቴሉ የወየበ፣ እጅጌው የተነፋ የድሮ የሙሽራ ቀሚስ ብቻ ነው። ሳይጠየቁ «ለመጋረጃ ነው» ይላሉ።

ዛሬ ከአንዱ ቀሚስ ላይ የወደቀ ቁልፍ መሬት ለመሬት ሲፈልጉ፣ ሻጯ የምስራች ሳቋ አመለጣት።

«እማማ፣ መጋረጃ ደግሞ ቁልፍ አለው እንዴ? ወይስ ሊዳሩ ነው?»

ተራው ሁሉ አውካካ። ሴትዮዋ ቀሚሱን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«እኔማ ድሮ ተድሬያለሁ፣ ልጄ። በሚዜ ጀርባ ታዝዬ ስሄድ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር፤ ምን እንዳለበሱኝ እንኳ አላየሁም።»

የምስራች የምትገባበት ጠፋት። ቀና ብላ ማየት ቢያቅታት፣ ተንበርክካ ቁልፉን ትፈልግ ጀመር።