የአንገቴ እብጠት ስም

በአርባ ዓመቴ ለአሥረኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀሁ ሳለ፣ አንገቴ ላይ በግራ በኩል ሎሚ የሚያህል እብጠት አገኘሁ። ለታላቅ እህቴ አሳየኋት። ደባበሰችውና፣

«እንቅርት ነዋ» አለች። የእሷ አንገት እንቅርት ይከላከላል ተብሎ በልጅነቷ ተነቅሷል። «እኔ ስነቀስ አንቺ ጎተራ ጀርባ ተደበቅሽ። ይኸው።»

«እንቅርት የሚወጣው ከፊት ነው። ይሄ ከጎን ነው።»

«እስቲ ደግሞ በሽታውን አርሚው።»

ለእሷ ብዬ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። በስምንተኛው ቀን ጉርድ ሾላ ካለ ክሊኒክ ሄድኩ። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ምንም አልለየም፤ ሐኪሙ እብጠቱን ሙሉውን አወጣው። ናሙናን ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ታካሚው ራሱ ስለነበር፣ የገዛ ሥጋዬን በብልቃጥ አድርገው ሰጡኝ። ታክሲው ፍሬን በያዘ ቁጥር ቦርሳዬን በሁለት እጄ እይዝ ነበር።

ውጤቱ ዐሥር ቀን ፈጀ። አንዱን የጂኦግራፊ ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። መጻሕፍቴን ለማን እንደምተው ጻፍኩ። ጽሕፈቱ አላማረኝም፤ ቀድጄ እንደገና በንጹሕ ገለበጥኩት።

ከእህቴ ጋር ሄደን ውጤቱን ከላቦራቶሪው በታሸገ ፖስታ ተቀበልን።

«ክፈቺው እንጂ» አለች እህቴ። «እንግሊዝኛውን ለምን ተማርሽው ታዲያ?»

«የተጻፈው ለሐኪሙ ነው» አልኩና ከፈትኩት። ከመላው ወረቀት የማውቀው አንድ ቃል ነበር፤ ቲዩመር። እዚያው የላቦራቶሪው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ ፊቴን አየችና ክንዴን ይዛ ወደ ክሊኒኩ መለሰችኝ።

ሐኪሙ የተቀደደውን ፖስታ አየና ወረቀቱን አነበበ።

«ዕጢ ነው፤ ግን ክፉ አይደለም። ሥብ ነው። ሕፃናት ሲወለዱ ሙቀት የሚሰጣቸው ቡናማ ሥብ አለ፤ የእርስዎም ከዚያ ዓይነት ሥብ የተነሣ ነው። ብዙ አይገጥምም፤ እኔም የማውቀው ከመጽሐፍ ነው።»

«ካንሰር አይደለም?»

«አይደለም።»

«ኋላስ ይለወጣል?»

«አይለወጥም። ሙሉውን አውጥተነዋል።»

«እንደዚሁ አድርገው በአማርኛ ይጻፉልኝ።»

«ዶክተር፣ አይቀየሟት» አለች እህቴ። «ተፈጥሮዋ ነው።»

ከመድኃኒት ማዘዣው አንድ ገጽ ገንጥሎ ሦስት መስመር ጻፈልኝ። ታክሲ መያዣው ጋ እህቴ ሁለት ጊዜ ጎተተችኝ። ባዶ ታክሲ መጥቶ ሞልቶ ሄደ፤ ሌላም መጣ። እኔ ገና እያነበብኩ ነበር።