ሁለታችንም «አንተ» ነበርን

ባለፈው ሰኞ፣ ባምባሲ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ፣ አንድ አባት ሴት ልጁን «አንተ፣ ደብተርህን ረሳህ» ብሎ ሲጣራ ሰማሁ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፣ የአጎቴ የሐሰን ድምፅ መስሎኝ ነበርና።

ነገሩን ላስረዳ። በእኛ በበርታ ቋንቋ ወንዱም ሴቷም የሚጠሩት በአንድ ቃል ስለሆነ፣ አማርኛን ገበያ ላይ የለመደ ሰው ብዙ ጊዜ «አንተ»ን ይዞ «አንቺ»ን ይተዋል። አጎቴም እንደዚያ ነበር። ሚስቱን፣ ልጁን ሃዋን፣ እኔን ወንዱን፣ ከሰፋሪዎቹ መንደር ከእሱ ማር ልትገዛ የምትመጣውን አሮጊት ሳይቀር «አንተ» ይል ነበር። አሮጊቷም አገጯን እየዳበሰች፣ በዚያ በወሎ አነጋገሯ፣ ጢሜ መቼ በቀለ እያለች ትቀልድበት ነበር።

እናቴ የአጎቴ እህት ነበረች። እሷ ስትሞት ወስዶ ከሃዋ ጋር አሳደገኝ። ክረምት ሲገባ፣ የቀርከሃው ግድግዳ ዝናብ ጠጥቶ ሲጠቁር፣ ሁለታችንን ምድጃው አጠገብ ያስተኛን ነበር፤ ማሽላው ሲያፈራ ደግሞ ወፍ እንድንጠብቅ ማማ ላይ ያወጣን ነበር። እዚያ ላይ እኔ ወንጭፉን ስወነጭፍ ሃዋ የትምህርት ቤቱን ንባብ በቃሏ ትወጣው ነበር፤ እኔ መጽሐፉን ገልጬ እያየሁ እንኳ ስሳሳት፣ እሷ ዓይኗን ከወፎቹ ሳታነሳ ታርመኝ ነበር። አጎቴ ከታች ሆኖ እየሰማ ይስቅ ነበር። ገንፎ ሲቀርብ ግን የሙት ልጅ ጉርሻ አጎደለ እንዳይባል ፈርቶ፣ የእኔን ድርሻ ከእሷ ያበዛው ነበር። ሃዋ ይህን እያየች የራሷን ትበላ ነበር።

በመንደራችን ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነበር። እኛ አራተኛን በጨረስንበት ዓመት፣ ማንጎው በስሎ የመጀመሪያው ዝናብ መጣል ሲጀምር፣ ወደ አሶሳ የተዛወሩት መምህራችን ሊሰናበቱን መጡ። የተከራዩት ቤት አንድ ክፍል ስለሆነ ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ ወስደው፣ ከባለቤታቸው ጋር አስቀምጠው ማስተማር እንደሚችሉ ለአጎቴ ነገሩት። ሃዋና እኔ ከዛፉ ሥር፣ አንድ ሰሌን ላይ ተቀምጠን ማንጎ እየበላን ነበር። አጎቴ ወደ እኛ ዞሮ፣ እንግዳውን አክብሮ በአማርኛ ተናገረ።

«አንተ ነገ ከመምህር ጋር ሂድ።»

ሃዋ ማንጎዋን አስቀምጣ እጇን በቅጠል ጠረገች። መምህሩ አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነውና «አንተ» ሲባል የታያቸው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ «በል ሙሳ፣ ጓዝህን ሸክፍ» አሉኝ። ብድግ አልኩ። በዚያ ቤት «አንተ» የሁለታችንም መጠሪያ እንደሆነ መምህሩ አያውቁም፤ እኔ አውቃለሁ። ማንን ነው ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር፣ አልጠየቅኩም። አጎቴ ሊናገር አፉን ከፍቶ፣ ቆሜ ስስቅ ሲያየኝ መልሶ ዘጋው። የእህቱን ልጅ ተቀመጥ ብሎ የራሱን ልጅ ማስነሳት አልሆነለትም። ሃዋ ማንጎዋን አንስታ እስከ ፍሬው ድረስ ጋጠችው።

በቀጣዩ ክረምት ለዕረፍት ስመለስ አጎቴ «አንቺ» ማለት ተምሮ ቆየኝ። በገዛ ቋንቋችን እያወራ እንኳ መሃል ላይ ቆም ብሎ፣ ሃዋን በአማርኛ «አንቺ» ይላት ነበር። በሬውንም፣ ግብር ሰብሳቢውንም «አንቺ» ይል ጀመር። መንደሩ ሲስቅበት ሃዋም አብራ ትስቅ ነበር፣ እኔ ግን የሚቆርስልኝን ገንፎ ትቼ እነሳ ነበር። ጥቂት ክረምቶች አልፈው ሃዋ ተዳረች፤ እኔ ኮሌጅ ገባሁ፣ ከዚያም የአማርኛ መምህር ሆንኩ።

ዘንድሮ ማንጎ ሲደርስ ልጠይቀው ሄድኩ። አጎቴ አርጅቷል። ሃዋም ልጆቿን ይዛ መጥታ ነበር። ያን ቀን ማንን ማለቱ እንደነበር፣ ስንት ዓመት አፌ ላይ ያደረውን ጥያቄ፣ እሷ ባለችበት ጠየቅኩት። በቋንቋችን ብጠይቀውም የመለሰልኝ በአማርኛ ነበር።

«ያን ጊዜ እኔ ‹አንቺ› አላወቀም። አሁን አወቀ።»

«በሬውም አወቀ» አለች ሃዋ፣ አባቷ እንዲስቅ። እሱ አልሳቀም።

የማደርገው ቢጠፋኝ፣ የበኩር ልጇ ራህማ የመንደሩን ትምህርት ስለጨረሰች ባምባሲ እኔ ዘንድ ተቀምጣ እንድትማር ልውሰዳት አልኳት። ሃዋ ከዚያው ዛፍ ሥር፣ ሰሌን ላይ የተቀመጡትን ልጆቿን አየቻቸው።

«ውሰዳት» አለች። «ግን ስሟን ጥራ። ሌላ ሰው እንዳይነሳ።»

ራህማ ብዬ ጠራሁ። ልጅቷ ተነሣች፣ ታናሽ ወንድሟ ማንጎውን እንደያዘ ሽቅብ እያየኝ ቀረ። ያኔ ሃዋ ማንጎዋን ስትጨርስ እኔ የማስበው ስለ አሶሳ መብራት ነበር። አሁን ግን ዓይኔን ከልጁ ላይ ማንሳት አቃተኝ። እኔም የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው።