አባቴ ያላለው ምስጋና

አባቴ ዳምቦያ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁን ወሰደበት፤ ከቀኝ እጁ ጋርም አማርኛውን።

ይህን ለሰው ስናገር የሚያምነኝ የለም። እኔ ራሴ ነርስ ሆኜ እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም ነበር። በአማርኛ የምንለው ሁሉ ይገባዋል። ጋዜጣ ያነባል። ሰው ሲሳሳት እንደ ድሮው ቅንድቡን ያነሳል። ሊመልስ አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው ከምባትኛ ብቻ ነው፤ ያውም በልጅነቱ እናቱ ቤት የለመደው፣ የገበሬ ከምባትኛ። ከአፉ ጥግ ምራቅ ይወርድ ስለነበር ከጎኑ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አይጠፋም። ሆሳዕና ወስጄ ያሳየሁት ሐኪም፣ «ቋንቋው አልጠፋም፤ መውጫው ነው የተዘጋው። በየቀኑ አማርኛ ይስማ፤ እየሰማም ይድገም» አለኝ።

ከማን ይስማ? እናቴ የምታወራው በከምባትኛ ነው፤ ሊጠይቁት የሚመጡት ሽማግሌዎችም እንደዚያው። እኔ ቀኑን ሙሉ ጤና ጣቢያ ነኝ። የቀረን ቴሌቪዥኑ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ የሰጡት፣ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ነው። አንቴናው ጓሮ በቆመ ረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ታስሯል። ምስሉ ላይ በረዶ ስለሚዘንብ የዜና አንባቢዋ ፊት አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ይላል። ድምፁ ግን አይታማም። አባቴ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ይሰየምና እሷ ያለችውን ይከተላል። «ዝናብ» ስትል «ዝ… ናብ» ይላል። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ አይተውም። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂት ቃላት ተመለሱለት። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ውሃ» አለኝ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

በዚያው ሰሞን የአንድ ለአምስት ጠርናፊያችን ቤት ለቤት እየዞረ ለስብሰባ ጠራን። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የተናገረው በወረዳው የመረጃ ሥራ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ከፊት ወንበር የማይጠፋ የአባቴ ተማሪ ነበር፤ አባቴ ከታመመ ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ ደጃችንን አልረገጠም። አሮጌው ስርጭት ሊቀር መሆኑን፣ ሆሳዕና በኩል አዲስ የዲጂታል ማሰራጫ መተከሉን፣ ሁላችንም ከቴሌቪዥናችን ጋር የምትያያዝ ትንሽ ሳጥን መግዛት እንዳለብን ነገረን። «ከእንግዲህ በረዶ ማየት ያማረው ሰው ፍሪጅ ይክፈት!» ሲል አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። እኔም አጨበጨብኩ። በከተማችን ፍሪጅ ያላቸው ቤቶች ስንት እንደሆኑ ትዝ ያለኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው።

ሳጥኑን ከሆሳዕና ገዝቼ መጣሁ። በመጀመሪያው ቀን በእውነት ጉድ ነበር። የዜና አንባቢዋ የጥርሷ ፍንጭት ሳይቀር ታየ። አባቴ ወንበሩን በግራ እጁ እየጎተተ ተጠጋ፤ ከንፈሯን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። እናቴም ሥራዋን ትታ መጥታ፣ «እንዲህ ቆንጆ ነበረች እንዴ?» አለች።

በማግስቱ ነፋስ ነፈሰ። የአንባቢዋ ፊት እንደ ተሰበረ ሸክላ ተቆራረጠ፤ አፏ አንድ ቦታ፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ቆመ። ከዚያ የቴሌቪዥኑ መስኮት ጠቆረና «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሙሉ ዜና አይተን አናውቅም። ከምስሉ የባሰው ደግሞ ድምፁ ነበር። «የአካባ…» ትልና ጸጥ ትላለች። አባቴም ተከትሏት «የአካባ» ይልና አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ቃሉ እስኪያልቅ እሷን ይጠብቃል። እሷ ስትመለስ ግን ሌላ ወሬ ላይ ናት። በነጩ ጨርቅ አፉን እየጠረግሁ ይህን ማየት አንጀቴን በላው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የተመለሱለት ቃላትም እየተሰበሩ መጡ። ውሃ ሲጠማው በጣቱ ማመልከት ጀመረ።

ጎረቤታችን ያለው ባለሱቅ፣ ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ዳምቦያ የከተሙ፣ ሬዲዮና ዲሽም የሚሸጥ ሰው ነው። መጥቶ አንቴናውን አዞረው፤ ምሰሶውንም በሌላ እንጨት አስረዘመው። አልሆነም። «እህቴ፣ አትድከሚ» አለኝ ከመሰላሉ ሲወርድ። «መሀል ላይ ጋራ አለ። የድሮው እየተንፏቀቀም ቢሆን ይደርስ ነበር። ይሄኛው ወይ ይመጣል፣ ወይ ይቀራል፤ መሀል የለውም።» መፍትሔው ዲሽ መትከል ነበር፤ እኔ ግን ያለኝን ለሳጥኑ ጨርሻለሁ።

ኃላፊው ቢሮ ሄጄ ነገርኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። «ሲስተር፣ አንቴናችሁን አስተካክሉ። የተማርሽ ሰው ሆነሽ የሕዝብ ቅሬታ አታባብሺ» አለኝ።

በሌላው ወር ያው ሰው ጥርሱን እያሳየ ቤታችን መጣ። የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ስለ አዲሱ ስርጭት ሊዘግቡ እየመጡ ነውና የተመረጠው አባቴ ነው። «የቀድሞ መምህር፣ ሕመምተኛ፣ ከቤት የማይወጣ! ከእሱ የተሻለ ተጠቃሚ ከየት ይገኛል?» አለ፤ አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ እየሰማው። እንደማይሠራ ደግሜ ነገርኩት። «ባለሙያ አብሮ ይመጣል፤ ይሠራላችኋል» ሲለኝ እሺ አልኩ። ባለሙያ መምጣቱን ብቻ ነው የሰማሁት።

በቀጠሮው ቀን በአንድ መኪና ሆነው ደረሱ፤ ኃላፊው፣ ኮት የለበሰ ጋዜጠኛ፣ ካሜራ ያዥና ባለሙያው። እናቴ ቆጮና በቅቤ የታሸ አይብ በጎመን አቀረበች። በሉ። እንግዳ መብላቱ ደስ ይለኛል፤ እነሱ ግን እየበሉ ስለ ቤታችን ነበር የሚያወሩት። ግድግዳው ጠቆረ፣ ወንበሩ አረጀ፣ ሽማግሌው ምራቃቸው ይታያል። ጋዜጠኛው ሲጨርስ ዘወር ዘወር አለና ከአባቴ ጎን የታጠፈውን ነጭ ጨርቅ አንስቶ የእጁን ቅቤ ጠረገበት፤ ከንፈሩንም። ጨርቁ ምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ከዚያ ኃላፊው ከአባቴ ራስ በላይ የተሰቀለውን የማርያም ሥዕል አወረደ። «ሃይማኖታዊ ነገር ካሜራ ውስጥ አይግባ» አለና በምስማሩ ላይ የወረዳውን ካላንደር ሰቀለ። ሥዕሉን ወለል ላይ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ ሲያስደግፈው እናቴ አንስታ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ወጣች።

ወዲያው ጩኸቷን ሰማሁ። ሮጬ ጓሮ ስደርስ ባለሙያው እንሰቷ መሀል ቆሞ ቅጠሉን በገጀራ ያወርደዋል። እግሩ ሥር ትንሽ ዲሽ ተተክሏል፤ ገመዱ በኋላ መስኮት በኩል ወደ ቤት ገብቷል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ሰማይ እንዲታየው ነው» አለ፤ ክፉ ሰው አይመስልም። «የማሰራጫው ሲግናል እዚህ አይደርስም። የታዘዝኩት ምስል እንዲታይ አድርግ ተብዬ ነው።»

ስመለስ ቴሌቪዥኑ ጥርት ብሎ ይታያል። አዲሷ ሳጥን ከላይ ጉብ ብላለች፤ ከምንም አልተያያዘችም። የዲሹን ሪሲቨር ከመጋረጃው ኋላ ደብቀውታል። መጋረጃውን ልገልጠው እጄን ዘረጋሁ። ግን ወዲያው አባቴን አየሁት። አንባቢዋ ያለማቋረጥ ታወራለች፤ እሱ ደግሞ ወደፊት ተንጠራርቶ ይከተላታል። «አካባቢያችን» አለች። «አካባቢያችን» አለ። ሙሉውን! ዞር ብሎ ሰማሽኝ ወይ በሚል ዓይን አየኝ። ከዚያ በከምባትኛ፣ «ሳህኑ ይቀርልናል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ዲሹን ማለቱ ነው።

ባለሙያውን ጠየቅሁት። «የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ ቀጥለን አዲሎ ከተማ እንቀርጽበታለን» አለኝ።

ለአባቴ ነገርኩት። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ።

ጋዜጠኛው ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «አባት፣ በዲጂታል ስርጭቱ ምን ያህል ተጠቃሚ ሆኑ?» አለው።

አባቴ ጊዜ ወስዶ፣ ኃላፊውን እያየ፣ በከምባትኛ መለሰ። «በዚህች ሳጥን አንድ ሙሉ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ጓሮ ያለው ሳህን የእኛ አይደለም፤ ስትሄዱ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። የሚስቴን እንሰት ቆርጣችኋል። አንተ ልጅ፣ እኔ እንዲህ ብዬ አላስተማርኩህም።»

ጋዜጠኛው ቋንቋውን አያውቅም፤ ወደ ኃላፊው ዞረ። ኃላፊው እናቱ ጡት ያጠባችው በዚሁ ቋንቋ ነው። ዓይኑን እንኳ አላሸም። «በጣም ደስተኛ ነኝ፣ መንግሥትን አመሰግናለሁ ነው የሚሉት» አለ።

«አላሉም!» አልኩ። አባቴ ያለውን በሙሉ ቃል በቃል በአማርኛ ተረጎምኩለት። ጋዜጠኛው ሰማኝ፤ እንደገባው ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ሰዓቱን ተመለከተና፣ «ችግር የለም፤ ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል። ዋናው ስሜታቸው ነው» አለኝ። ዲሹን ነቀሉ፣ ገመዱን ጠቀለሉ፣ ካላንደሩንም ሳይቀር አውርደው ሄዱ።

ዘገባው የሚተላለፍበትን ቀን ኃላፊው ራሱ ለከተማው አስወራ። እኛ ቤት የሚታይ ነገር ስለሌለ ባለሱቁ አባቴን በወንበሩ አሸክሞ ወደ ሱቁ ወሰደው። ጣሪያው ላይ ዲሽ አለው። ሱቁ በገበያተኛ ጢም ብሏል። አባቴ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ሲወጣ ሰዉ እልል አለ። አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የራሱ ድምፅ ከሥር በስሱ ይሰማል። በላዩ ላይ ግን ከሞላ ደረት የወጣ፣ የጠራ፣ የአንድ የማናውቀው ጎልማሳ ድምፅ በአማርኛ ይናገራል፦ «በቤቴ ተቀምጬ ጥራት ያለው መረጃ በማግኘቴ የተሰማኝ ደስታ ወደር የለውም። ለዚህ ያበቃንን መንግሥታችንን ከልብ አመሰግናለሁ።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከምባትኛ ያውቃል። ከሥር ያለውን ድምፅ ሰምቷል። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም። ያሾፉት በአባቴ አልነበረም፣ አውቃለሁ። «የሚስቴን እንሰት ቆረጣችሁ ሲሉ ሰውየው አመሰግናለሁ ይላል!» እያሉ ይንፈራፈራሉ። እኔ ግን ሳቁም አስጠላኝ። ያ የማናውቀው ጎልማሳ አባቴ ወራት ሙሉ ላቡን እያፈሰሰ የፈለገውን ቋንቋ እንደ ዋዛ አፉ ውስጥ ጨምሮለታል፤ ያውም ለውሸት። አባቴ አልሳቀም። በግራ እጁ ክንዴን ያዘኝና፣ «ወደ ቤት» አለኝ በከምባትኛ።

ቤት እንደደረስን ቴሌቪዥኑን ከፊቱ አንሱልኝ አለ። ሐኪሙ ያለውን አስታወስኩት፤ ለመንኩት፤ ዲሽ እገዛለሁ ብዬም ማልኩ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ያንን ሰውዬ ከዚያ ውስጥ አሁንም እሰማዋለሁ» አለ። ቴሌቪዥኑ ጓዳ ገባ፤ የአንቴናውን ምሰሶ እናቴ ለአጥር አደረገችው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እኔው ራሴ ከድሮ የክፍል መጻሕፍቱ አነብለት ነበር። ጥቂት ቃላት መጡ፤ ጥቂቶቹ ተመልሰው ሄዱ። የቅጠሎቹ መቆረጥ ከጎዳቸው እንሰቶች ሁለቱ ቀጭጨው ቀሩ፤ እናቴ በነሱ አጠገብ ባለፈች ቁጥር ባለሙያውን ሳይሆን ኃላፊውን ትረግማለች። አባቴ ስሙን አንስቶት አያውቅም። በክረምት፣ በሁለተኛው ስትሮክ አረፈ።

ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ኃላፊው ጨጓራውን ታሞ ጤና ጣቢያ መጣ። ዞን ተዛውሮ ሹመት አግኝቷል፤ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ነው ያመመው። መርፌ ታዞለታል፤ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ለማንኛውም ሰው እንደማደርገው በደንብ አድርጌ ወጋሁት። ቀበቶውን እያሰረ፣ «ሲስተር፣ አባትሽ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«አርፏል» አልኩት።

«ነፍስ ይማር!» አለና ከልቡ በሚመስል ሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «ያን ቀን በቴሌቪዥን የተናገሩት መቼም አይረሳኝም። እንዴት ያለ አማርኛ ነበር! እኛን ያስተማሩበት አማርኛ እኮ ነው።»

የሚቀልድብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። አባቴ አጠገብ ቆሞ የሰማውን ረስቶ ራሱ የፈጠረውን ነበር የሚያስታውሰው፤ ዓይኑም እንባ አቅርሯል። አመስግኖኝ ሲወጣ የተቀባው ሽቶ ክፍሉ ውስጥ ቀረ። መስኮቱን ከፈትኩት፤ አልወጣ ሲለኝ የተቀመጠበትን ወንበር በአልኮል ወለወልኩት።