ከጅዳ የላክሁት ካሴት

እናቴ ዓይኗን ለመታከም ከቀወት ገጠር ሸዋሮቢት እኔ ዘንድ ስትመጣ፣ በልብሷ መሐል ጠቅልላ አንድ ካሴት ይዛ መጣች። ሁለቱ ልጆቼ አገኙት። ታናሿ ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠችው፤ ቀዳዳው ውስጥ ጣቷን ከታ አሽከረከረችው።

“ይኼ ምንድን ነው?” አለች።

“የእናታችሁ ድምፅ ነው። ጅዳ እያለች የላከችልኝ” አለች እናቴ።

“ድምፁ የቱ ጋ ነው ያለው?” ብላ ታላቋ ቡናማውን ክር በጥፍሯ ሳብ ስታደርገው ተተርትሮ ጭኗ ላይ ወረደ። ሁለቱም ደነገጡ። በእስክሪብቶ አጠንጥኜ መለስኩላቸው። ምን ብዬ እንደቀዳሁት አውቃለሁና ያኔውኑ ብደብቀው ይሻለኝ ነበር።

ጨርቅ ከምሸጥበት ሱቅ አጠገብ ሬድዮ የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ። እናቴ ልጆቹን ልካ ከሳቸው ቴፕ ተዋሰች። ታናሿ ቴፑን ታቅፋ ግራ እንደተጋባች ተመለሰች።

“ጋሼ ‘ድንጋይ ግዙለት’ አሉን። ቴፕ በድንጋይ ነው እንዴ የሚሠራው?”

እናቴ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የባትሪ ድንጋይ ማለታቸው እንደሆነ ነግሬ ሰደድኳት። እኔም አብሬ ስቄ ነበር።

ካሴቱ ትንሽ ከተንሿሿ በኋላ የልጅነት ድምፄ ቤቱን ሞላው። “አሰላሙ ዓለይኩም፣ እማ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ቢሮ ገብቻለሁ። ወንበሬ ይሽከረከራል። ክፍሉ በማሽን ነው የሚቀዘቅዘው፤ ጣርማ በር የወጣሁ ነው የሚመስለኝ…”

ልጆቼ ተያይተው ፈገግ አሉ። ወዲያው ከኋላ የሴት ጩኸት መጣ። “ያ ቢንት! ተዓሊ!”

ድምፄ ቀጠነ። “ሓድር፣ ሓድር” እያለ ሲታዘዝ ይሰማል። የሆነ ዕቃ ወደቀ፤ ከዚያ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ጸጥ አለ።

“ማን ናት?” አለች ታናሿ።

“የሥራ ጓደኛዬ” አልኳት።

ታላቋ መድረሳ ተምራለች። “‘አንቺ ልጅ፣ ነይ’ እኮ ነው ያለችሽ። ጓደኛሽ ስምሽን አታውቀውም?”

ፊቴ ነደደ። ያንን ካሴት የቀዳሁት የሰው ቤት ማድ ቤት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ነው። ቢሮ የሚባል ነገር ያየሁት ወለሉን ሳጥብ ብቻ ነው። አገሬ ከገባሁ በኋላም በየሠርጉ፣ በየሰደቃው ስለዚያ ወንበር ሳወራ ኖሬአለሁ። ልጆቼ ጥናት ሲሰንፉ እንኳ “እኔ በናንተ ዕድሜ ቢሮ እሠራ ነበር” እያልኩ ነበር የምቆጣቸው። እናቴም አጠገቤ ተቀምጣ በአዎንታ ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

“ዐረብኛው አልገባኝም” አለች እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ድንጋጤሽ ግን ገብቶኛል። ያኔ ጎረቤት ሊሰማ ሲመጣ፣ ሴትዮዋ ከመጮኋ በፊት አጠፋው ነበር። ‘አለቀ’ እላቸው ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን ብዬ? አንቺ እንደዚያ ደስ ብሎሽ እያወራሽ።”

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ያን ሁሉ ዓመት ሁሉም ሲያምነኝ አንድ ሰው ብቻ አላመነኝም ነበር፤ ያም ሰው እናቴ ናት።

ታላቋ ልጄ እውነቱን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ምግብ ማብሰሉን፣ ሕፃናቱን ማጠቡን፣ ደረጃ መወልወሉን። ታናሿ ደግሞ ካሴቱ ሲጫወት ሁሉንም በስልኳ ቀድታው ኖሯል።

“ሴትዮዋን ከቅጂው ልቁረጣት?” አለችኝ በሐዘኔታ። “በስልክ ቀላል ነው።”

“ቁረጫት” አልኩ።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“ተዪው፣ እንዳለ ይሁን” አልኩ ቶሎ ብዬ። ልጅቱም ተወችው። ቀድማ ከአፌ የወጣችውን ቃል ግን ሦስቱም ሰምተዋታል።